ሙቀት ይሻልዎታል ወይስ ብርድ?

ዛሬ ከጎንደር ከተማ ተነሥተን ወደ ደባርቅ እንሂድ። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ያልፋል።

ጎንደር ወይና ደጋ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። እኔም በሸሚዝ ብቻ ተነሣሁ። ደባርቅ ስደርስ ግን ጥርሴ ተንገጫገጨ። ለካ ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት! 1,000 ሜትር ሽቅብ ሲወጡ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ጋቢ ተውሼ ዳንሁ።

ደባርቅ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ናት። ከብዙ አገር እንግዳ ይመጣባታል። እዚያ አንድ አስጎብኚ ወጣት አገኘሁ። «ከፖርቱጋል የመጣ እንግዳ ሲያጋጥምህ ስለ አየሩ ምን ብለህ ትጠይቀዋለህ?» አልሁት።

«ጎሽታ ማይሽ ዱ ካሎር ኦ ዱ ፍሪዩ? እለዋለሁ» አለኝ።

እስቲ እንለያየው። «ጎሽታ» ይወዳሉ ማለት ነው። «ማይሽ» ይበልጥ ነው። «ካሎር» ሙቀት፣ «ፍሪዩ» ብርድ ነው። «ኦ» ደግሞ ወይስ ነው። እነሱም እንደኛ አንተና እርስዎ ይለያሉ። «ጎሽታ» ለሚከበር ሰው ነው። ለጓደኛ ሲሆን «ጎሽታሽ» ይባላል። ለሴት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ለወንድም ያው ነው።

ፖርቱጋሎች ለአገራችን አዲስ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1541 ዓ.ም. 400 ያህል ወታደሮቻቸው በምጽዋ በኩል ገብተው ነበር። ከጦርነቱ የተረፉት ብዙዎቹ እዚሁ አግብተው ወለዱ። እነሱም ደጋውን ወጥተዋል፤ ቆላውን ወርደዋል።

ማታ ጥያቄውን ይዤ ክፍል ገባሁ። መጀመሪያ በፖርቱጋልኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ጠየቅሁ። ሁሉም ሳቁ።

አንድ አባት፣ «እኔስ ብርዱ ይሻለኛል። ገብሴ የሚያምረው በደጋ ነው» አሉ።

ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ግን አልሳቁም። «መምህር፣ ለእኔ ምን ምርጫ አለኝ? ልጄ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዷል። የቆላው አየር እንዳይጎዳብኝ ነው የምፈራው» አሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ።

የእኒህ እናት ፍርሃት እውነት ነው። መተማ ከ1,000 ሜትር በታች ነው። ሰሊጥና ጥጥ ሙቀቱን ይወዱታል። የወባ ትንኝም ይወደዋል። ደጋ ያደገ ሰው ሰውነቱ ወባን አልለመደምና ቶሎ ይጠቃል። ካላዛር የሚባል ሌላ በሽታም አለ። የሚያመጣው የአሸዋ ዝንብ ነው። ከትንኝ ታንሳለች፤ የምትናከሰው በተለይ ሌሊት ነው። በግራር ሥርና በተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈር አጠገብ ትገኛለች። ደክሞት እዚያ ሜዳ ላይ የሚተኛ ሠራተኛ ይነከሳል።

ስለዚህ በሽታ የሚያመጣው አየሩ ራሱ አይደለም። አየሩ የሚስማማት ነፍሳት ናት። ከነፍሳት ደግሞ መጠንቀቅ ይቻላል። አጎበር ውስጥ መተኛት ይጠቅማል። ትኩሳት ሲይዝ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሰውነት ከከሳና ሆድ በግራ በኩል ካበጠ ካላዛር ሊሆን ይችላል። ካልታከመ ይገድላል። መድኃኒት ግን አለው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ያክማል።

ይህን ስንነጋገር እናታችን እርሳሳቸውን አነሡ። ቀድሞ ደብዳቤ የሚያስጽፉት በሰው እጅ ነበር። ያን ማታ ግን በራሳቸው እጅ ጻፉ፦

«ልጄ፣ ሙቀቱ እንዴት ነው? በአጎበር ተኛ። ከግራር ሥር አትደር። ትኩሳት ከያዘህ ሥራው ይቅር፤ ሐኪም ጋ ሂድ። እናትህ።»

እርስዎስ ሙቀት ይሻልዎታል ወይስ ብርድ? ቆላ የወረደ ዘመድ አለዎት? መልሱን በደብተርዎ ይጻፉ። ለዘመድዎም ይላኩለት።