ስለ ማመዛዘን ጥያቄዎችና ስለ 22 ኪሎ ቡና

ልጁን ለማስጠናት ከመብራት ሥር የሚቀመጥ ወላጅ፥ ራሱ ተማሪ ሆኖ የሚነሣበት ሌሊት እንዳለ ሳታውቁት አትቀሩም። እኛም በ2017 ዓ.ም. የቡና ለቀማ ወራት በቤታችን የሆነውን ለመጻፍ የተነሣነው፥ ነገሩ በመጀመሪያ የተማሪ ጨዋታ መስሎን ሳለ፥ በኋላ የአንድ ሽማግሌ እንጀራና ስም የተነካበት ሆኖ ስላገኘነው ነው።

የምንኖረው በሚዛን ተፈሪ ነው። ከተማዪቱ ዛሬ ከአማን ጋራ ተጣምራ ሚዛን አማን ትባላለች፤ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ጀምሮም በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ናት። ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር ከአባታችን የወረስነው ጥቂት የቡና መሬት አለን። ከበበቃና ከቴፒ ሰፋፊ እርሻዎች ጋራ ሲተያይ ጓሮ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ ነገር ግን ከመንግሥት ከምናገኘው ደመወዝ ይልቅ ቤታችንን ደግፎ የያዘው እርሱ ነው።

ታላቂቱ ልጃችን ሕግ ለመማር ከሕፃንነቷ ጀምራ ቈርጣለች። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ተፈትና፥ ከ600 ነጥብ ግማሹን ለመድረስ ጥቂት ጐደላት። በዚያ ዓመት ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ተፈታኞች ከመቶ 5.4 ብቻ ነበሩ፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በተሰጠውም ፈተና ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። ይህን የመሰለ ቍጥር ለጎረቤት መልስ ይሆናል እንጂ፥ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ለተኛች ልጅ መጽናኛ አይሆንም። እህል በቅጡ ሳትቀምስ ጥቂት ቀን ከቆየች በኋላ ተነሥታ «ዳግመኛ እፈተናለሁ» አለችን።

ውጤቷን ዘርዝረን ብናይ፥ ከስድስቱ የትምህርት ዓይነት ሁሉ ዝቅ ብሎ ያገኘነው አፕቲትዩድ የሚባለው ነው። ይህ ፈተና አብዛኛውን ጊዜ ከመጽሐፍ ያጠኑትን አይጠይቅም፤ ከተሰጠው ቃል ምን እንደሚከተልና ምን እንደማይከተል መለየትን ነው የሚጠይቀው። ሕግ ለሚማር ሰው ደግሞ ዋናው መሣሪያ ይኸው ነው። በአሜሪካ አገር ኤል.ኤስ.ኤ.ቲ. የሚባለው የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ሲሰጥ ኖሮአል፤ እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2024 ወዲህም ሰዎችን በወንበርና በተራ እያሰለፉ የሚያስቈጥሩት እንቆቅልሾች ከፈተናው ወጥተው፥ የክርክርን ጥንካሬና ድካም የሚያስመረምረው ክፍል በእነርሱ ቦታ ተጨምሮአል። ለአንዱ ክፍል የሚሰጠው ጊዜ 35 ደቂቃ ነው። ልጃችን ከጓደኞቿ ያሰባሰበችው መልመጃ አንዳንዱ ከዚያ የተቀዳ፥ አንዳንዱም በአገራችን መምህራን የተዘጋጀ ነበር። በአገራችን የሕግ ፋኩልቲ በአዲስ አበባ በ1956 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ትምህርቱ ወደየክፍለ ሀገሩ ተስፋፍቶ፥ እነሆ በእኛው ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲም ይሰጣል። የፍርድ ምልክት በሆነው በሚዛን ስም በምትጠራ ከተማ ተቀምጦ ሕግ መማር መልካም ምልክት ነው እያልን እንቀልድ ነበር።

ስለዚህ ከመስከረም ወር ጀምሮ ከራት በኋላ ልጃችን ጥያቄውን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለሰች ታነብልን፥ እኛና ባለቤታችን እንመልስላት ጀመር። መብራት በጠፋ ጊዜ ሻማ አለ። በመጀመሪያው ምሽት እንዲህ ስትል ጠየቀችን፤ «በቴፒ የሚበቅል ቡና ሁሉ በጥላ ዛፍ ሥር ይበቅላል እንበል። ይህ ቡና በጥላ ዛፍ ሥር በቅሎአል። ስለዚህ ይህ ቡና የቴፒ ነው ማለት ይከተላልን?»

ባለቤታችን ሳትዘገይ «ይከተላል» አለች። ልጃችን «አይከተልም፤ የሌላ አገር ቡናም በጥላ ሥር ሊበቅል ይችላል» ብትላት፥ «እኔ የማውቀው ቡና የቴፒና የሚዛን ነው፤ ከወዴት ሌላ ይመጣል?» ብላ ተከራከረች። ልጃችንም «እማዬ፥ የተጠየቅነው ቡናው ከወዴት እንደ ሆነ አይደለም፤ ከተነገረን ቃል ይህ ይወጣል ወይ ነው» አለቻት። እኛ በልባችን ከባለቤታችን ጋራ ነበርን፤ ነገር ግን የዳኛ ፊት አድርገን ዝም አልን።

ከሁሉ ይልቅ ያስቸገሩን ትንንሾቹ ቃላት ናቸው። «ሁሉ» እና «ብቻ» የሚሉትን ሁለት ቃላት በሕይወታችን ሙሉ ስንናገራቸው ኖረን፥ ልዩነታቸውን በውል ያየነው ያን ጊዜ ነው። ልጃችን ነገሩን በቡና አልጋችን አስረዳችን። «ቀይ ፍሬ ብቻ ወደ አልጋ ይወጣል» ያለ ሰው፥ አልጋው ላይ አረንጓዴ እንደማይገኝ ነገረን እንጂ፥ የተለቀመው ቀይ ሁሉ መውጣቱን አልነገረንም፤ ግማሹ በጆንያ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። «ቀይ ፍሬ ሁሉ ወደ አልጋ ይወጣል» ያለ ግን፥ በጆንያ የቀረ ቀይ እንደሌለ ነገረን እንጂ፥ አረንጓዴ አብሮ እንዳልተቀላቀለ አልነገረንም። ይህን ከሰማን በኋላ ለለቃሚዎቻችን ለብዙ ዘመን የሰጠነው ትእዛዝ የትኛው እንደ ነበረ ብናስብ፥ አንድ ቀን ይህን፥ አንድ ቀን ያንን ስንል ኖረናል። ደግሞም «አንለስ» የምትለው የእንግሊዝኛ ቃል አለች፤ «ካልሆነ በቀር» ተብላ ስትመለስ ቀላል ትመስላለች፥ ነገር ግን ልጃችንን በፈተናው ያን ያህል ነጥብ ያስጣለቻት እርሷ ሳትሆን አትቀርም።

ክርክር ለእኛ ሕዝብ እንግዳ እንዳይደለም ነገርናት። የቀድሞ አባቶቻችን በዛፍ ሥር ቆመው «በላ ልበልሃ» እያሉ ሲሟገቱ፥ የባላጋራን ቃል ይዞ መልሶ በእርሱ ማሰር ታላቅ ጥበብ ነበረ። እርሷ ግን «ሌባ ሻይስ?» ብላ ጠየቀችን። በድሮ ዘመን ስርቆት ሲደርስ ለአንድ ብላቴና መድኃኒት አጠጥተው ይለቁትና፥ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባል ነበር። እኛም ስለዚህ ነገር እጅግ ሳቅን፤ ይህን የመሰለ ፍርድ የቀረበት ዘመን በመወለዳችንም እግዚአብሔርን አመሰገንን።

በዚያው ሰሞን፥ በኅዳር ወር፥ የደረቀው ቡናችን ተመዘነ። በ2016 ዓ.ም. ለቀማ ከ400 ኪሎ እሸት ፍሬ 175 ኪሎ ጀንፈል አግኝተን ነበር፤ በ2017ቱ ግን ከዚያው ከ400 ኪሎ እሸት የተገኘው 153 ኪሎ ብቻ ሆነ። ሃያ ሁለት ኪሎ ጐደለ። በአልጋው አጠገብ የሚያድሩት ሽማግሌው ዘበኛችን ነበሩ፤ ስድስት ዓመት ያገለገሉን የዚያው አገር ተወላጅ ናቸው። ሌላ ሰው በሌሊት ወደዚያ አይደርስም። ስለዚህ ለቃሚዎቹ ሁሉ በተሰበሰቡበት ጠርተናቸው፥ «ከእርስዎ በቀር ሌባ ወዴት ይገኛል?» አልናቸው። እርሳቸውም ጥቂት ጊዜ ተመልክተውን፥ ጋቢያቸውን አንሥተው በትራቸውን ይዘው ሄዱ። ዝም ብለው መሄዳቸውንም እንደ ሌላ ማስረጃ ቈጠርነው። የወሩን ደመወዝ ለጐደለው ቡና ማካካሻ ይሁን ብለን አስቀረን።

ልጃችን ይህን ስትሰማ አንዳች አልተናገረችም። ከሦስት ሳምንት ያህል በኋላ፥ በታኅሣሥ አንድ ምሽት፥ ደብተሯን ገልጣ እንዲህ ስትል አነበበችልን፤ «አንድ ባለ ወፍጮ እህል ተቀብሎ ፈጭቶ ዱቄቱን ቢመዝን ከዓምናው ያነሰ ሆኖ አገኘው። ዱቄት ከተሰረቀ ሚዛን ይጐድላል፤ ሚዛኑ ጐድሎአል፤ ስለዚህ ሠራተኛዬ ሰርቆአል ብሎ አሰናበተው። የባለ ወፍጮው ነገር ይከተላልን?»

እኛ በዚያን ጊዜ በእንዲህ ያለው ጥያቄ ሠልጥነን ነበርና በኵራት መለስን፤ «አይከተልም። ስርቆት ሚዛንን ያጐድላል ማለት፥ ሚዛንን የሚያጐድል ስርቆት ብቻ ነው ማለት አይደለም። እህሉ እርጥብ ሆኖ ተመዝኖ ሊሆን ይችላል፤ የዓምናው ሚዛንም የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። ይህ ባለ ወፍጮ ሞኝ ሰው ነው» አልን።

ልጃችን ደብተሩን ዘጋችና «አባባ፥ ዘበኛችንስ?» አለችን።

ንጉሥ ዳዊት ስለ ድኻው ሰው በግ በነቢዩ በናታን ፊት ከፈረደ በኋላ ምን እንደ ተሰማው ከመጽሐፍ አንብበናል፤ ያን ምሽት ግን በገዛ አንጀታችን አወቅነው። አስቀድመን የመጣልን ቃል ቍጣ ነበር፤ ቀጥሎ ግን «ማስረጃ አለሽን?» አልናት።

እርሷም አስቀድማ ስትመረምር ሰንብታ ኖሮ ሁለት ነገር አቀረበች። አንደኛው በ2016 ዓ.ም. ቡናውን የገዛው ነጋዴ የሰጠን ደረሰኝ ነው፤ በጀርባው ላይ «እርጥበት ስላለው ዋጋው ተቀነሰ» የሚል ተጽፎበታል። እውነትም በዚያ ዓመት ለእርሷ ማስጠኛ ገንዘብ ቸኩለን ሳይደርቅ ሸጠነው ነበር፤ እኛው ረሳነው። ሁለተኛውን ባለቤታችን መሰከረች፤ በ2017ቱ የሚዛን ቀን ዝናብ ያደረ ነበርና ጆንያዎቹ ውሃ እያንጠባጠቡ ነው የተመዘኑት። የእኛን አገር ዝናብ የሚያውቅ ሰው ይህን አያደንቅም።

ከዚያም ስሌቱን በፊታችን አደረገች። በ100 ኪሎ እሸት ፍሬ ውስጥ ወደ 65 ኪሎ የሚጠጋው ውሃ ነው፤ ስለዚህ ከ400 ኪሎ የሚቀረው ደረቅ ነገር 140 ኪሎ ነው። በዓምናው ጀንፈል ውስጥ አምስተኛው እጅ ውሃ ቀርቶበት ከሆነ 175 ኪሎ ይመዝናል። በ2017ቱ ደግሞ ከ400ው ውስጥ 16 ኪሎው የዝናብ ውሃ ቢሆን፥ እውነተኛው ፍሬ 384 ኪሎ ነው፤ ይህም ከመቶ 12 እርጥበት እስኪቀረው ድረስ ቢደርቅ 153 ኪሎ ይሆናል። ሃያ ሁለቱ ኪሎ ውሃ ነበረ።

እኛም «እንግዲያውስ አለመስረቃቸው ተረጋገጠ» ብንል ልጃችን አልተቀበለችንም። «አልተረጋገጠም፤ የዝናቡን ውሃ የገመትሁት እኔ ነኝ፥ የመዘነው ሰው የለም። ነገር ግን ሰርቀዋል ለማለት የነበረን ምክንያት ፈረሰ፤ ምክንያት ከሌለ ደግሞ እርሳቸው አለመስረቃቸውን እንዲያስረዱ አይጠየቁም» አለች። በ1987 ዓ.ም. የወጣውን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ንኡስ አንቀጽ 3ንም ጠቀሰችልን፤ የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ አይቈጠርም ይላል። በሌባ ሻይ ስንስቅ የነበርን እኛ፥ ብላቴናውን መድኃኒት ሳናጠጣ ራሳችን ተንገዳግደን በሽማግሌው ደጅ መውደቃችንን ያን ጊዜ አየን።

በማግሥቱ ደመወዙን ይዘን ወደ ቤታቸው ሄድን። በደጃቸው ከቡና ቅጠል በቅመም የተፈላ መጠጥ አቀረቡልን፤ እኛን ለማዋረድ ቢፈልጉ ይህን ከመስጠት የበለጠ ባላገኙም ነበር፥ ነገር ግን ለማዋረድ አልነበረም፤ እንግዳ ስለ ሆንን ነው። የመጣንበትን ነገር ከነስሌቱ አስረዳናቸው። እርሳቸውም እስከ ፍጻሜው ሰምተው እንዲህ አሉን፤ «ገንዘቡ የደከምሁበት ነውና እቀበላለሁ። የኪሎውን ነገር እኔ አላውቅም። ሌባ የተባልሁት ግን በሰው ፊት ነው፤ እርስዎም እዚህ በጓዳ ሳይሆን በዚያው በሰው ፊት ይናገሩ።»

ይህ ከገንዘቡ ይልቅ ከብዶን ነበር። በመሥሪያ ቤት የምናዝዛቸው ሰዎች ወንድሞችና እኅቶች ከለቃሚዎቹ መካከል አሉ። ባለቤታችንም «አንድ ሽማግሌ መካከለኛ አድርገህ ላክ» ብላ መከረችን። ሦስት ቀን ካመነታን በኋላ ግን ለቃሚዎቹን ሰብስበን፥ ሽማግሌውን በቀኛችን አቁመን፥ «በእኒህ ሰው ላይ ያለ ማስረጃ ተናግረናል፤ ስሕተቱ የእኛ ነው» አልን። ከለቃሚዎቹ አንዲቱ ሴት «እኛስ መቼ አመንን?» ብትል ሁሉም ሳቁ። ሽማግሌው አልሳቁም።

ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ለመንናቸው፤ ለጎረቤታችን ለመጠበቅ ቃል መግባታቸውን ነግረውን አመሰገኑን። አሁን እሸት ፍሬ የምንመዝነው ውሃው ተንጠፍጥፎ ካለቀ በኋላ ነው፤ ልጃችንም የሚዛኑን ቀን፥ ዝናቡንና የደረቀበትን ልክ የምትጽፍበት መዝገብ አዘጋጅታለች።

በ2017 ዓ.ም. የክረምት መግቢያ ልጃችን ለዳግመኛው ፈተና ስትነሣ፥ ሽማግሌውን ሳትሰናበት እንደማትሄድ ነገረችን፤ እስከ ደጃቸውም ሸኘናት። እርሷ ገብታ ጕልበታቸውን ሳመች፤ እርሳቸውም ሁለት እጃቸውን በራሷ ላይ ጭነው በአገራቸው ቋንቋ ለረጅም ጊዜ መረቋት። እኛን ግቡ አላሉንምና ከመንገድ ቆመን ጠበቅናት።