የመሃሉ ድምፅ ማጉያና አማቴ

ሆም ቴአትር የሚባለው የድምፅ መሣሪያ ዛሬ ከትልልቅ ከተሞች አልፎ በየገጠር ከተማው ቤት ገብቷል። እኛም መርጡለ ማርያም ባለው ቤታችን አንድ አለን። የማጫውታችሁ ግን ስለ ዕቃው ጌጥነት ሳይሆን፣ አቀማመጡን ባለማወቄ አማቴን እንዴት እንዳስቀየምኩ ነው።

መሣሪያውን የላከልን የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። አምስት ድምፅ ማጉያዎችና ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ አንድ ትልቅ ሣጥን አለው። ሁለቱን ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ፣ ሁለቱን ከመቀመጫችን ኋላ አቆምኩ። አምስተኛው ጋደም ያለ ነበርና ለዓይኔ አላምር ስላለኝ ቡፌው ውስጥ፣ ከስኒዎቹ ኋላ ከትቼ መስተዋቱን ዘጋሁበት።

ከዚያ ወዲህ ፊልም ሲከፈት ሙዚቃው ቤቱን ያናውጣል፤ ንግግሩ ግን አይለይም። አማቴ «ምን አለች?» ብለው ይጠይቃሉ። መጀመሪያ እንመልስላቸው ነበር። ውሎ አድሮ ግን ሰለቸንና «ዝም ብለው ይዩ እንጂ» ማለት ጀመርን። እሳቸውም «የኔ ጆሮ አርጅቷል፤ እናንተ እዩ» እያሉ እንዝርታቸውን ይዘው ማድ ቤት መቀመጥ አዘወተሩ። እኔም እውነት መስሎኝ ዝም አልኩ።

ከስሕተቴ ያነቃችኝ ትንሿ ልጄ ናት። «አያቴ እኮ ፊት ለፊቷ ሆኜ ቀስ ብዬ ሳወራት ትሰማለች» አለችኝ። ነገሩ ከነከነኝና የመሣሪያውን መመሪያ አገላብጬ አነበብኩ።

ለካስ በፊልም ውስጥ አብዛኛው ንግግር የሚወጣው ከመሃሉ ድምፅ ማጉያ ኖሯል! ግራና ቀኙ በይበልጥ ሙዚቃውን፣ የኋላዎቹ እንደ ዝናብና ነፋስ ያለውን የአካባቢ ድምፅ ይይዛሉ። በደብራችን ማኅሌት ሲቆም ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ በየወገናቸው፣ መሪጌታው ደግሞ በመካከል እንደሚሆን ማለት ነው። እኔ መሪጌታውን ቡፌ ውስጥ ቆልፌበት ኖሯል።

«ሁለቱ ብቻ አይበቁም ወይ?» ትሉ ይሆናል። በትክክል መሃል ላይ ለተቀመጠ ሰው ይበቁ ይሆናል። ወደ ዳር ለተቀመጠ ግን ንግግሩ ከተዋናዩ አፍ ሳይሆን ከቅርቡ ማጉያ የሚመጣ ይመስለዋል። ችግሩ በባለሙያዎች ዘንድ የቆየ ነው። በ1933 እ.ኤ.አ. የቤል ላቦራቶሪ ሰዎች ፊላደልፊያ ላይ የተጫወተውን ኦርኬስትራ በስልክ መስመር ወደ ዋሽንግተን ልከው ያሰሙት በግራ፣ በመሃልና በቀኝ በቆሙ ሦስት ድምፅ ማጉያዎች ነበር።

ከዚህ ሌላ፣ ዕድሜ ሲገፋ አስቀድሞ የሚደክመው ቀጭን ድምፅን የመስማት ኃይል ነው። «ሰማ» እና «ሸማ» የሚለዩት ደግሞ በዚሁ ቀጭን ድምፅ ነው። የተዘጋ መስተዋትም አስቀድሞ የሚያፍነው እሱኑ ነው። እኛ ልጆቹ የጎደለውን በግምት ስንሞላ፣ በአማቴ ላይ ግን ችግሩ እጥፍ ሆነ።

እህቶቼ፤ ማስተካከሉ ገንዘብ አይጠይቅም። የመሃሉን ማጉያ ከቴሌቪዥኑ ሥር ወይም በላይ አስቀምጡት። ፊቱ ከመደርደሪያው ጠርዝ ወደ ኋላ አይግባ፤ ዳንቴልም አይሸፍነው። ዝቅ ካለ፣ ከፊት በኩል ሥሩ ትንሽ እንጨት አግብታችሁ ወደ ተቀማጩ ጆሮ ቀና አድርጉት። ከዚያም የመሣሪያውን የሙከራ ድምፅ ክፈቱ፤ በየተራ ከአምስቱም እኩል ካልተሰማ ሽቦውን መርምሩ። ሽቦው ተነቅሎ ሳለ መሣሪያው «የመሃሉ አለ» ተብሎ ከተሞላ ንግግሩ ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ንግግሩ አሁንም ካነሰ፣ ጠቅላላውን ከማስጮህ የመሃሉን ብቻ ሁለት ሦስት ዴሲቤል ከፍ ማድረግ ይበጃል። የቴሌቪዥን ሥርጭት ብዙ ጊዜ በሁለት መስመር ብቻ ስለሚመጣም፣ ንግግሩን ወደ መሃል የሚያወጣውን ማስተካከያ መምረጥ ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ በአንድ ከሰዓት ጨረስኩ። ማታ አማቴን ከማድ ቤት ጠርቼ ከቦታቸው አስቀመጥኳቸውና ፊልሙን ከፈትኩ። ጥቂት ቆይተው እንዝርታቸውን አቆሙና፣ «ይችማ ትዋሻለች! ቅድም ሌላ ነበር ያለችው» አሉ ስለ ተዋናይዋ። ልጆቹ ሳቁ። እኔ ግን እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው።

ጆሯቸውንም ሐኪም እንዲያይልን ተስማምተናል። እናንተም ቤት ካሉት አዛውንት አንዳቸው ዝምታ ካበዙ፣ «ጆሯቸው ነው» ከማለታችሁ በፊት የራሳችሁን ቤት ፈትሹ።