የቅዳሜ ማታ ጥጥ

የልጄን ጆሮ የደፈንኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ደግሞ «አትሰሚም» ብዬ የቀጣኋትም እኔው ነኝ። ይህን ለባለቤቴ እንኳ በሙሉ ሳልነግር ቆይቻለሁ። ዛሬ ግን እንደሆነው እናገራለሁ።

በቤታችን ቅዳሜ ማታ የልጆች መታጠቢያ ነው። ልጄ ታጥባ፣ ፀጉሯ ቅባት ተቀብቶ ከተሠራ በኋላ ራሷን ጭኔ ላይ ታሳርፋለች። ከሱቅ ከምገዛው የጆሮ ጥጥ አንዱን መዝዤ ወደ ውስጥ አስገባና አዞረዋለሁ። እናቴ ለእኔ በክብሪት እንጨት ጫፍ ጥጥ ጠቅልላ ታደርገው የነበረውን ነው የማደርገው። ጥጡ ቢጫ ሆኖ ሲወጣ ደስ ይለኛል። ነጭ ሆኖ ከወጣ ደግሞ «አልደረስኩበትም» እልና ጠለቅ አደርገዋለሁ። ልጄ ትከሻዋን ትሰበስባለች። «አይዞሽ፣ አለቀ» እላታለሁ። ቅዳሜን ዘልዬ አላውቅም፤ የጎበዝ እናት ሥራ ይመስለኝ ነበር።

አንደኛ ክፍል በገባች በሁለተኛው ወር ኮሙኒኬሽን ቡኳ ላይ የመምህሯ ማስታወሻ መጣ፦ «ትኩረት አትሰጥም፤ የታዘዘችውን አትሠራም።» ቤትም እንደዚያው ነበረች። ከጓዳ ስጠራት አትመጣም። ጨው አቀብዪኝ ስላት ባዶ እጇን ቆማ ታየኛለች። ቴሌቪዥኑን ታስጮኻለች፤ ስቀንስባት ተጠግታ ትቀመጣለች። በእኛ ቋንቋ የማይታዘዝ ልጅ «አይሰማም» ነው የሚባለው። እኔም ልጄ አትሰማም ስል አትታዘዝም ማለቴ ነበር። ቃሉ ሌላ ትርጉም እንዳለው አንድም ቀን ትዝ አላለኝም። ደግሞስ በየሳምንቱ በእጄ የማጸዳው ጆሮ ምን ይሆናል ብዬ ልጠርጥር?

አንድ ቀን ሦስት ጊዜ ጠርቻት ዝም አለች። ሄጄ ግራ ጆሮዋን ቆነጠጥኳት። «ጆሮ የለሽም?» አልኳት። አላለቀሰችም። ጆሮዋን በመዳፏ ሸፍና አፌን አፌን ታየኝ ጀመር። ያኔ ድፍረት መስሎኝ የባሰ ተናደድኩ። ዛሬ ሳስበው ከከንፈሬ ቃል እየለቀመች ነበር።

ነገሩ የታወቀው ጉንፋን ይዟት ሐኪም ቤት ስንሄድ ነው። ሐኪሙ መብራት ባለው መሣሪያ ጆሮዋን አየና «ታምቡሩ አይታየኝም፤ ሁለቱም በኩክ ተደፍነዋል» ብሎ ወደ ከአንገት በላይ ስፔሻሊስት ላከን። ስፔሻሊስቷ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ጆሮዋን በምን ነው የሚያጸዱላት?» ብላ ነው። «በምንም። አልነካውም» አልኳት። አጠያየቋ ውስጥ ጥፋቴን ስላየሁት ዋሸሁ። ልጄ ከጎኔ ተቀምጣለች፤ ሰምታኝ ይሁን አይሁን አላወቅኩም።

ኩኩ ስለደረቀ ለአምስት ቀን የሚያለሰልስ ጠብታ ታዘዘላትና ተመለስን። ቀኝ ጆሮዋ በውሃ ታጠበ። ውሃው እንደ ሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት፤ ከዚያ ከቀዘቀዘ ወይም ከሞቀ ራስ ያዞራል። ልጄ ራሷ ሳህኑን ከጆሮዋ በታች ይዛ ተቀመጠች። በሦስተኛው ግፊት ግማሽ ሽምብራ የሚያክል ጥቁር ቡናማ ነገር ሳህኑ ላይ ወደቀ። ሐኪሟ በመቆንጠጫ ስትከፍለው መሃሉ ላይ ነጭ ጭረት ነበረበት። ጥጥ ነው። ሳህኑን አስጠጋችልኝ እንጂ ምንም አልተናገረችም። ያኔ ነው «በየሳምንቱ አጸዳዋለሁ፤ ዋሽቼሻለሁ ዶክተር» ያልኩት። ግራው፣ የቆነጠጥኩት፣ ይበልጥ የተጣበቀ ስለነበር በማይክሮስኮፕ እያየች በቀጭን ቱቦ ሳበችው። የጆሮዋ ቦይ ተቧጭሯል፤ ታምቡሩ ግን ደህና ነበር።

ከክፍሉ ወጥተን ኮሪደሩ ላይ ጥቂት እንደሄድን ልጄ ቆመች። አንድ እግሯን አነሳችና ወለሉን መታች፤ ደግማ መታች። «እማዬ፣ ጫማዬ ይጮኻል» አለችኝ። ያን ጫማ ከመስከረም ጀምሮ ስታደርገው ነበር።

ሐኪሟ የነገረችኝን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ! ኩክ ቆሻሻ አይደለም። አቧራውን ይይዛል፤ ውሃና ጀርም ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ ይከላከላል፤ ቆዳውን ያለሰልሳል። የአዋቂ ሰው የጆሮ ቦይ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ኩክ የሚመነጨው ከውጪው አንድ ሦስተኛ ብቻ ነው። ታምቡሩ አጠገብ ኩክ ከተገኘ አብዛኛውን ጊዜ ገፍቶ ያስገባው ሰው አለ ማለት ነው። የቦዩ ቆዳ ጥፍር እንደሚያድገው ቀስ እያለ ወደ ውጪ ይሄዳል፤ ስናኝክና ስናወራ የመንጋጋችን እንቅስቃሴ ይረዳዋል፤ ኩኩም አብሮ ይወጣል። የእኔ ጥጥ ጫፉ ላይ ትንሽ ቢጫ እያሳየኝ የቀረውን ወደ ውስጥ ይጠቀጥቅ ነበር። ደስ ይለኝ የነበረው በዚያች ቢጫ ነው።

እንዲህ ያደረግኩት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ይህ ግን አያጽናናኝም። በአሜሪካ ከ1990 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት ከ263,000 የማያንሱ ልጆች በጆሮ ጥጥ ተጎድተው ድንገተኛ ክፍል እንደታከሙ በአንድ ጥናት ተገምቷል። በቀን 34 ልጅ ገደማ መሆኑ ነው። አብዛኞቹ የተጎዱት ጆሯቸው ሲጸዳ ነው።

ስለዚህ እናቶችንና አባቶችን የምለምነው ይህን ነው። የጆሮውን ውጪ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፤ በጨርቁ የተጠቀለለ ጣታችሁ የማይገባበት ቦታ የእናንተ ሥራ አይደለም። ክብሪት፣ የፀጉር ሽቦ፣ ቁልፍ፣ የእስክሪብቶ ክዳን ወደ ጆሮ አይግባ። የሚያቃጥል ዘይት አታፍስሱ። ጆሮ ከፈሰሰ፣ ከደማ ወይም ካመመ፣ ታምቡሩ ተበስቶ ሊሆን ስለሚችል ሳይታይ ጠብታም ውሃም አይግባበት። ሰው በድንገት መስማት ካቆመ ቀን አታሳልፉ። ልጅ ስትጠሩት ዝም ካለ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ጆሮውን አሳዩለት።

ልጄን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። በእኛ ቤት ወላጅ ልጁን ይቅርታ መጠየቅ የተለመደ አልነበረም፤ አልጋዋ ጫፍ ተቀምጬ ስለ ቁንጥጫውም ስለ ጥጡም ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ዶክተሯንም ዋሽተሻታል» አለችኝ። ሰምታኝ ነበር። «አዎ» አልኳት። እስካሁን ቅዳሜ ማታ ታጥባ ስትወጣ ራሷን ጭኔ ላይ ታሳርፋለች፤ ፀጉሯን ብቻ እዳብሳታለሁ።

አባቴን ግን መጠየቅ አልችልም። ከማረፋቸው በፊት በነበሩት አራት ዓመታት መስማት አቅቷቸው ነበር። «እርጅና ነው፣ ጆሯቸው ደክሟል» ተባባልንና ተውነው። መጀመሪያ «እህ?» እያሉ ያስደግሙን ነበር፤ ኋላ መጠየቁን ተዉት። በዓል ሲሆን መሃላችን ተቀምጠው ሰው ሲስቅ አብረው ይስቁ ነበር። ልጄ ከታከመች በኋላ ባነበብኩት የአሜሪካ የጆሮ ሐኪሞች የ2017 መመሪያ ላይ በኩክ መብዛት ወይም መደፈን የሚቸገሩት ከልጆች ከአሥሩ አንዱ፣ ከአዋቂዎች ከሃያው አንዱ፣ ከአረጋውያን ግን ከሦስቱ አንዱ በላይ እንደሆኑ ይላል። የአባቴ ከዕድሜ ይሁን ከኩክ አሁን ማወቅ አይቻልም። ያኔ ለማወቅ አንድ ሰው ለአንድ ደቂቃ ጆሯቸው ውስጥ ቢያይ ይበቃ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ማንም አላየም።

ከለቅሶው በኋላ ልብሳቸውን ስናወጣ በኮታቸው ኪስ ውስጥ አንድ ክብሪት አግኝተን ነበር። አባቴ ሲጋራ አጭሰው አያውቁም። እንጨቶቹ ጫፋቸው ተሰባብሮ ጥቂት ብቻ ቀርተው ነበር። ያን ዕለት ለምን እንደያዙት ሳላስብ ወረወርኩት።