ጨው ሲቋጠር «ይመረታል» ወይ?

አሶሳ ገበያ ውስጥ የጨው ኩንታል ተፈትቶ በትንንሽ ፌስታል ሲቋጠር ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመላለስብኛል፦ ይህች ሴት ቸርቻሪ ናት ወይስ አምራች? ቀልድ የመሰለው አንባቢ የ1995ቱን የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 ያስታውስ። ጨው ላይ 30 በመቶ፣ ሽቶ ላይ 100 በመቶ የጣለ አዋጅ ነበር። ለአገር ውስጥ ምርት ታክሱ የሚሰላው በማምረቻ ወጪው ላይ ነበርና «ማምረት» የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ መወሰን የቃላት ጨዋታ ሳይሆን የገንዘብ ጉዳይ ነው።

ሌሎች አገሮች በዚህ ብዙ ተሟግተዋል። በ1908 እ.ኤ.አ. አንድ አሜሪካዊ ቢራ ጠማቂ ከውጭ ያስመጣቸውን የጠርሙስ ቡሾች አጥቦና አክሞ «አምርቻለሁ፤ ቀረጤ ይመለስልኝ» ቢል፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አዲስ ስም፣ ጠባይ ወይም አገልግሎት ያለው ዕቃ አልተፈጠረም ብሎ መለሰው። (ልብ በሉ፤ እዚያ አምራች ልባል ያለው ነጋዴው ራሱ ነው!) ሕንድ ግን በ2003 እ.ኤ.አ. ሕጓን አሻሽላ፣ በሠንጠረዥ ለተዘረዘሩ ዕቃዎች እንደገና ማሸግንና መለያ መለጠፍን ማምረት አድርጋው ነበር።

የእኛን ጨው የሚያወሳስበው አዮዲን ነው። እንቅርት ለምዕራቡ የአገራችን ክፍል ሰው እንግዳ አይደለም፤ በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ የገበታ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት አስገድዷል። ከአፍዴራ የመጣ ጨው አዮዲን ሲጨመርበት ስሙ ያው ጨው ነው፤ ጠባዩ ግን ተለውጧል። እኔ ይህን ማምረት እለዋለሁ።

ያለ አዮዲን፣ እንዲሁ የሚታሸገውስ? በአሮጌው አዋጅ ጥሬውን በርካሽ አውጥቶ፣ የንግድ ምልክቱንና ትርፉን በማሸጊያው ቤት ላስቀመጠ ባለሀብት ክፍተቱ ሰፊ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ስሌቱን ወደ ፋብሪካ በር መሸጫ ዋጋ ማዞሩን እደግፋለሁ። ሆኖም ጥያቄው ይበልጥ ጎላ እንጂ አልጠፋም፤ የትኛው በር? የጥሬው ወይስ የማሸጊያው?

በእኔ እምነት መስመሩ መሰመር ያለበት ምልክት ለጥፎ፣ አሽጎ ለሌላ ነጋዴ በሚያከፋፍለው ላይ ነው። የሕንድን ቃል እንዳለ ብንገለብጠውና መለያ ባይለጠፍም መቋጠሩ ብቻ ይበቃል ብንል ግን፣ የአሶሳዋ ነጋዴ መዝገብ የምትይዝ፣ በየወሩ የምታሳውቅ «አምራች» ትሆናለች። ሽቶ ከትልቅ ጠርሙስ ወደ ትንሽ የሚገለብጠው ጎረቤቷም እንዲሁ፤ ያውም ጉምሩክ ላይ አንድ ጊዜ ታክስ ለተከፈለበት ዕቃ።