የአክስቴ ቲማቲም

የአክስቴን ቲማቲም ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በሽታ አልነበረም። ይህን ለእሷም ለጎረቤቶቿም መናገር የነበረብኝ ያኔውኑ ነው።

ስምጥ ሸለቆ ባለ አንድ ግሪንሃውስ ውስጥ ስሠራ የተማርኩት፣ በገመድ ወደ ላይ የሚሳበውንና ማደግ የማያቆመውን ዝርያ መግረዝ ነበር። እዚያ ከቅጠልና ከግንድ መገናኛ የሚወጣው ቀንበጥ ሁሉ ይነቀልና አንድ ግንድ ብቻ ይቀራል። ላሊበላ ስመለስ ያንኑ በአክስቴ ጓሮ ሠራሁት። የእሷ ግን ሮማ ቪኤፍ የሚባለው ዝርያ ነበር፤ ቁመቱ አጭር፣ ቅርንጫፉ ሁሉ በአበባ የሚያበቃ። ቅርንጫፉን ስቆርጥ ፍሬዋን እየቆረጥኩ ነበር።

«ይሄን ሁሉ ገፈህ ፀሐዩን በምን ይችለው?» አለችኝ። አልሰማኋትም። ጭራሽ ዩሪያ ጨመርኩበት።

2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የበጋ ፀሐይ ይበረታል። ጥላ ያጣው ጥሬ ፍሬ በአንድ ጎኑ ነጥቶ እንደ ብራና ደረቀ። ቀጥሎ ዓይቼው የማላውቀው ነገር መጣ፦ የታችኛው ቅጠል ወደ ላይ ተጠቅልሎ ወፈረ፤ ከአበባው ዘለላ ጫፍ ቅጠል ያለው ቀንበጥ ወጣ። «ነጭ ዝንብ ያመጣው ቫይረስ ነው፤ ሳይዛመት ይነቀል» ብዬ ፈረድኩ። ነቅዬ አቃጠልኩት።

አሁን ሳስበው ምልክቱ ሁሉ ፊቴ ነበር። ያ ቫይረስ ሲይዘው ለጋው ቅጠል ያንሳል፣ ጠርዙ ቢጫ ይሆናል፣ ተክሉ ይቀጭጫል። የአክስቴ ቲማቲም ግን አረንጓዴና ብርቱ ነበር። ሥሩ አልተነካም፤ ለብዙ ቅርንጫፍ ይስብ የነበረውን ውኃና ማዳበሪያ ለቀሩት ጥቂቶች ላከው። ያ እንግዳ ቀንበጥ ከልክ በላይ የመፋፋቱ ምልክት ነበር። ዩሪያውን ትቼ፣ ውኃውን መጥኜ ብታገሥ ኖሮ በቂ ነበር።

ለገና ከተማው በምእመናን ሲሞላ አክስቴ ለቅዳሜ ገበያ የምታወጣው አልነበራትም። የባሰው ግን «ቫይረስ ነው» ብዬ ያስወራሁት ወሬ ነው፤ ጎረቤቶቿ ከእሷ ችግኝ መውሰድ ተዉ። እሷ «የቆረጠው እሱ ነው» ብላ ለማንም አልተናገረችም። ዝምታዋን እኔ መከታ አደረግሁት።

እትዬ፣ ይቅር በይኝ። ችግኝሽ ንጹሕ እንደነበር ያን ወሬ ለሰማ ሁሉ፣ በየደጁ ሄጄ እናገራለሁ።