«እጅህ ላይ ነው መቀመጫህ ላይ?»

መቼም መኪና ያለው ሰው ሁለት ሐኪም ያስፈልገዋል፤ አንዱ ለራሱ፣ ሌላው ለመኪናው። ጎበዙ ሐኪም እጁን ከመስደዱ በፊት ይጠይቃል፤ ሰነፉ ሳይጠይቅ ያዝዛል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። መኪና ግን በሽታዋን አትደብቅም። መቼ እንደሚያማትና የቱ ጋ እንደሚያማት በራሷ ቋንቋ ትናገራለች። የሚቸግራት ሰሚ ማጣት ነው።

በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ እናቴ ለእህቴ ሠርግ ከደጀን መጥታ አዲስ አበባ ሰንብታ ነበር። ጉልበቷን ስለሚያማት አውቶቡስ አይሆንላትም፤ የማደርሳት እኔ ነበርኩ። መኪናዬ እ.ኤ.አ. በ1994 የተሠራች ኮሮላ ናት። መሄጃችን አምስት ቀን ሲቀረው፣ ቀለበት መንገድ ላይ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄድኩ ፍሬን ስይዝ መሪው እጄ ውስጥ ይንዘፈዘፍ ጀመር። ፍሬኑን ስለቅ ዝም ይላል፤ መልሼ ስይዝ ይንዘፈዘፋል።

ከተማ ውስጥ ቢሆን ቀስ እያሉ መንዳት ይቻል ይሆናል። ወደ ደጀን የሚሄድ ሰው ግን ዓባይ በረሃን ይወርዳል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። አንድ ቶን የምትመዝን መኪና 1,000 ሜትር ስትወርድ የሚወጣው ጉልበት ወደ ሙቀት ቢለወጥ 30 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል፤ አንድ ጀሪካን ተኩል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሙቀት የታመመ ፍሬን ላይ ጭኖ፣ እናትን ከጎን አስቀምጦ መውረድ አይታሰብም።

ለሰፈሬ ቅርብ ወደሆነ ጋራዥ ሄድኩ። ወጣቱ መካኒክ መኪናዋን ሳይነዳት፣ ጎማ ሳይፈታ፣ «የመሪው መገጣጠሚያዎች ናቸው፤ ይቀየሩ። አሞርዛተሩም አብሮ ይቀየር» አለኝ። የጠራው ዋጋ የሁለት ወር የጽሑፍ ገቢዬ ነበር።

«መሪው ከሆነ ፍሬን ሳልይዝ ለምን አያንቀጠቅጥም?» አልኩት።

«ወንድሜ፣ እኛ ስንት ዓመት የሠራንበት ነው!»

ይህ የጥያቄዬ መልስ አልነበረም። አመስግኜ ወጣሁ።

በማግስቱ ጓደኛዬ ቄራ አካባቢ ወዳለ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ወሰደኝ። የሚያውቃቸው ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚላቸው። መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት የጠየቁኝ ይህን ነበር፦ «ልጄ፣ ሲያንቀጠቅጥ የሚሰማህ እጅህ ላይ ነው መቀመጫህ ላይ?»

«እጄ ላይ።»

«ፔዳሉስ እግርህን ይገፋዋል?»

«አዎ፣ እንደ ልብ ትርታ።»

«ፍሬን ሳትይዝስ?»

«ምንም የለም።»

ከዚያ እያንዳንዱ ጥያቄ ለምን እንደተጠየቀ አስረዱኝ። ፍሬን ሳይያዝ ፍጥነት ሲጨምር ብቻ የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጎማ ባላንስ ነው። ፍሬን ሲያዝ መቀመጫ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ኋላው ታምቡር ያዘነብላል። መሪ ሲንቀጠቀጥና ፔዳል ሲመታ ግን ወደ ፊት ዲስኮች ነው። ይህንንም እንዲሁ አላመኑትም። ጭር ያለ መንገድ ላይ ወጥተን፣ ቀስ ብለው እየነዱ የእጅ ፍሬኑን ቁልፉን እንደተጫኑ ለስለስ አድርገው ሳቡት። የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ነውና፣ መኪናዋ ሳትንቀጠቀጥ ስትቆም የኋላው ነፃ ወጣ።

ጎማው ተፈታ። የዲስኩን ውፍረት ዙሪያውን ስምንት ቦታ ላይ ለኩት። በወፍራሙና በስሱ መካከል የነበረው ልዩነት 4 መቶኛ ሚሊ ሜትር ነበር፤ የአንድ ወረቀት ውፍረት ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሰው ሁሉ «ዲስኩ ተጣሟል» ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ መጣመም ሳይሆን ወጥ ያልሆነ ውፍረት ነው። ሸራው ወፍራሙን ቦታ ሲነክስ ይገፋል፣ ስሱ ጋ ሲደርስ ይላላል፤ ይህ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ ሲደጋገም መሪው ይንዘፈዘፋል።

ጋሼ በዚህም አላበቁም። «ዲስኩን ዝም ብለን ብናስተካክለው ከጥቂት ወር በኋላ ተመልሰህ ትመጣለህ» አሉና ዲስኩን አውልቀው የሚያርፍበትን ቦታ አሳዩኝ። የዛገ ነው። ዝገቱ ዲስኩን በጥቂቱ ያዘነብለዋል፤ ያዘነበለ ዲስክ ሲዞር አንድ ጎኑ ሸራውን እየነካ ያልፋል፤ በሺህ በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ውስጥ ያ ጎን ተበልቶ ይሳሳል። የበሽታው ሥር ይኸው ነበር።

ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ተፈገፈገ። ዲስኩ ላይ የተጻፈውን ዝቅተኛ ውፍረት አይተው፣ ከዚያ በታች እንደማይወርድ ካረጋገጡ በኋላ ሁለቱም የፊት ዲስኮች ቶርኖ ቤት ተልከው ተስተካከሉ። አዲስ ሸራ ገባ። የጎማው ዳዶዎች በዙር ሳይሆን በመስቀለኛ፣ እኩል ተጠበቁ። በመጨረሻም ሸራው ከዲስኩ ጋር እንዲላመድ፣ ባዶ መንገድ ላይ ከ50 ወደ 10 ኪሎ ሜትር አሥር ጊዜ ያህል ቀስ እያልን ፍጥነት ቀነስን። የከፈልኩት ሁሉ ተደምሮ ያ ወጣት ከጠራው ዋጋ ሩቡን አይሞላም።

ስንለያይ «በረሃውን በፍሬን አትውረደው፤ በሁለተኛ ማርሽ ውረደው። ፍሬንህን ለኩርባው አስቀምጥለት» አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግሁ። እናቴ በየኩርባው እያማተበች፣ መሪው እጄ ውስጥ ፀጥ እንዳለ፣ ዓባይን ተሻግረን ደጀን ገባን።

አንባቢዬ፣ እኔ ከዚያ ወዲህ ጋራዥ የምመርጠው በግቢው ስፋት ወይም በመሣሪያው ብዛት አይደለም። መካኒኩ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት ስንት ጥያቄ እንደጠየቀኝ እቆጥራለሁ። ምንም ካልጠየቀኝ ቁልፌን አንስቼ እወጣለሁ። ለራሴ ሕመምም ሐኪም የምመርጠው በዚሁ መለኪያ ሆኗል።