ፈቃድ ድንበር ሲሻገር፦ የቁልፍ ፋይላችን ነገር

ፈቃድ ምን እንደሆነ ለእኛ ለድንበር ነጋዴዎች ማስረዳት አያስፈልግም። ኢትዮጵያ ውስጥ የወጣ የንግድ ፈቃድ ከሞያሌ ማዶ፣ ኬንያ ውስጥ፣ ሱቅ አያስከፍትም። በላፕቶፓችን ውስጥም እንዲህ ያለ ድንበር አለ።

የዱቤ መዝገባችንን በየማታው ወደ ተከራየነው ሰርቨር እንልካለን። ማን ስንት ኩንታል ቦሎቄ እንደወሰደ፣ ማን ስንት እንደቀረው ያለው እዚያ ነው። ላፕቶፑ ቢሰረቅና ቅጂ ባይኖር ሒሳቡ ሁሉ በሰው ቃል ላይ ይቀራል።

ላፕቶፑ ዊንዶውስ ነው፤ ሊኑክስን የምናሠራው በደብሊውኤስኤል ነው። አንድ ማታ ሲ ድራይቭ ላይ ባስቀመጥነው የኤስኤስኤች ቁልፍ ልንገባ ስንል “ፈቃዱ ከልክ በላይ ክፍት ነው” ተባልን።

በሊኑክስ ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ነው፤ ሲደመር 7። የመጀመሪያው አኃዝ የባለቤቱ፣ ሁለተኛው የቡድኑ፣ ሦስተኛው የሌላው ሰው ሁሉ ነው። ቁልፋችን 777 ይላል፤ ለወጪ ለወራጁ ክፍት ማለት ነው። ቺሞድ 600 ብለን ለባለቤቱ ብቻ አደረግነው። ስሕተት አላሳየም፤ ስናየው ግን ያው 777። በሱዶ ደገምነው፤ ለውጥ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲ ድራይቭ የዊንዶውስ ግዛት ነው፤ የራሱ የፈቃድ መዝገብ አለው። ካላዘዙት በቀር የሊኑክስን ቁጥር የሚጽፍበት ቦታ የለውም።

መፍትሔው ሁለት ነው። ቀላሉ ቁልፉን ሊኑክስ ውስጥ ባለው የራስዎ ሆም ፎልደር፣ ኤስኤስኤች በሚባለው ስውር ፎልደር ቀድቶ እዚያ ቺሞድ 600 ማለት፣ ሲ ላይ የቀረውንም መሰረዝ ነው። እኛ ይህን አድርገን መዝገቡ በዚያው ማታ ሄደ። ፋይሉ የግድ ሲ ላይ መቆየት ካለበት፣ ኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ባለው የደብሊውኤስኤል ኮንፍ ፋይል፣ አውቶማውንት በሚለው ክፍል፣ ኦፕሽንስ ላይ ሜታዳታ ብለው ይጻፉ። ከዚያ በፓወርሼል ደብሊውኤስኤልን ሻትዳውን አድርገው ይክፈቱና ቺሞዱን ይድገሙ።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። 600 የሚያዘው በሊኑክስ በኩል ብቻ ነው። በእርስዎ የዊንዶውስ አካውንት የገባ ሰው ቁልፉን በዊንዶውስ በኩል ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ የሱቁን ላፕቶፕ ሁለት ሦስት ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ ለእያንዳንዱ የራሱን አካውንትና የይለፍ ቃል ይክፈቱለት። የደንበኛ ዕዳ የእኛ ብቻ ምስጢር አይደለም፤ የእሱም ነው።